ሀይደር አየሁት ያለው ዓሣ ነባሪ

ሐፍሳ ባሏን የጠረጠረችው በዓሣ ነባሪ ምክንያት ነው ቢባል ማን ያምናል? ግን እንደዚያ ነው።

ሀይደር አቡ ዳቢ በምትቆም የተመራማሪዎች መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። ወደ ኦማን ባሕር ወርዶ ሳምንታት ይቆያል፤ ያን ጊዜ ስልኩ ዝግ ነው። እሷ ደግሞ አል ዓይን ከተማ፣ አል ማቃም ሰፈር፣ ማዳም ዘሂራ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በጥር መጨረሻ ሲመለስ ፊቱ ሞልቶ፣ ቦርጭ ቢጤ አውጥቶ መጣ።

"ጎባጣውን ዓሣ ነባሪ አየሁት" አላት። "አፉን በርግዶ ሰርዲኑን ከነውሃው ሲሰለቅጠው፣ እዚሁ አጠገባችን!"

ሐፍሳ በሳቅ ፈረሰች።

ረመዳን በገባ በሳምንቱ ማዳም ሳሎን ጋደም ብላ ስለዚሁ እንስሳ ፊልም ታያለች። ሐፍሳ ሰሃን እየደረደረች ጆሮዋን ጣል አደረገች። ጎባጣው ዓሣ ነባሪ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ዋልታው ቀዝቃዛ ባሕር ሄዶ እስኪጠግብ ይበላል፤ ብርዱ ሲመጣ ወደ ሞቃት ባሕር ወርዶ ይወልዳል። እዚያ ሳለ ምንም አይቀምስም፤ የሚኖረው በስቡ ነው።

"እንደ እኛ ይጾማል" አለች ማዳም እየሳቀች።

ሐፍሳ አልሳቀችም። ያኔ ብርድ ነበር፤ የኦማን ባሕር ደግሞ ሞቃት ነው። ታዲያ ሀይደር ሲበላ ያየው የቱን ነው? ቀሪውን ልትሰማ ብትፈልግም ሳንቡሳው ዘይት ውስጥ ነበርና ወደ ማድቤት ሮጠች።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ገጠመላት። የተዘጋው ስልክ፣ ቦርጩ። አቡ ዳቢ የምታበስልለት አለች! አብሳይ ከድስቱ እየቀመሰ እንደሚወፍር ለቀናች ሴት ማን ይንገራት።

አርብ፣ በእረፍት ቀኗ፣ ጋራዦቹ ሰፈር ሰናይያ ሄደች። ያጋቧቸው ሽማግሌ ጋሽ ጀፋር እዚያ ጎማ ይጠግናሉ። ሀይደርን ከአቡ ዳቢ አስጠርታ፣ "ቁርአን ይምታልኝ" አለች።

"በረመዳን? ምን አግኝተሽበት ነው ልጄ?" አሉ ጋሽ ጀፋር።

"ዓሣ ነባሪው ሲበላ አየሁ አለኝ ጋሼ። በብርድ ጊዜ አይበላም! ባሕር ላይ አልነበረም።"

ሀይደር አልተከራከረም። ለሶላት እንደሚታጠበው ውዱእ አድርጎ መጣና እጁን ቁርአኑ ላይ አሳረፈ። ሌላ ሴት እንደማያውቅ፣ ያየውንም እንዳልዋሸ ማለ። ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐፍሳ ያንንም ጠረጠረችው።

በማግስቱ ማዳም ስለ ፊልሙ ለእህቷ ታወራለች። "የሚገርምሽ የኛዎቹ ዓሣ ነባሪዎች ናቸው። ሌሎቹ ሲሰደዱ እነሱ የትም አይሄዱም! ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ኦማን ጠረፍ፣ ዓረቢያ ባሕር ውስጥ ይወልዳሉ፣ እዚሁ ይበላሉ።"

ሐፍሳ የያዘችውን ትሪ አስቀምጣ ወጣች። ወዲያው ለባሏ ደወለች።

"አፉ በለኝ ሀይደር፤ በደልኩህ።"

"ኸላስ፣ አለቀ፤ አፉ ብዬሻለሁ።" ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያስፈራትም ይኸው ነው።

ከኢድ በኋላ መርከቧ ወጣች። ሀይደር ወደብ በደረሰ ቁጥር ቪዲዮ ይልክላታል፤ ባሕሩን፣ የሚተኛበትን አልጋ፣ ሰርዲን የሚውጠውን ዓሣ ነባሪ። አንድም ቃል የለበትም።

"ናፍቀኸኛል፤ እባክህ ድምፅህን አሰማኝ" ብላ ጻፈችለት።

በቀጣዩ ወደብ መልሱ መጣ። በቪዲዮው ላይ የሚናገረው የመርከቧ ካፒቴን ነው። "እህቴ፣ መስክርልኝ ስላለኝ ነው፤ ሀይደር እዚህ ከእኛ ጋር ነው" ይላታል በዓረብኛ። ሀይደር ከኋላው ሽንኩርት ይከትፋል፤ ቀና አላለም።