ባህሩ ዳር የቆመችው ሴት

ጀላል የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው በጆሮው ነው። ለሃይማኖት ትምህርት ቂርአት የተቀመጠው ሁለት ክረምት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ስደት ሆነ፣ ቶሮንቶ ሆነ፣ የፓርኪንግ ጥበቃ ሆነ። ዕድሜው ሃምሳን ሲጠጋ ግን ዘመድ ከደሴ የሼህ ይመርን ትምህርት በካሴት ይልክለት ጀመር።

ከሰዓት በኋላ መኪና ሲቀንስ በጥበቃዋ የመስታወት ክፍል ውስጥ ቴፑን ከፍቶ ዓይኑን ይከድናል። ሼሁ ዝግ ብለው ይተርካሉ። መካ ላይ መከራው ሲጸና ነቢዩ ባልደረቦቻቸውን "ወደ ሐበሻ ምድር ሂዱ፤ እዚያ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ አለ" እንዳሏቸው፤ አስራ አንድ ወንዶችና አራት ሴቶች ሹልክ ብለው እንደወጡ፤ ወደቡ ላይ ሁለት የነጋዴ መርከብ እንዳገኙ። ከሼሁ ድምፅ ጀርባ ዝናብ ይዘንባል፣ የዚያን ቀን ቴፑ ውስጥ ገብቶ የቀረ ዝናብ። ጀላል ዝናቡን ከባህሩ ሳይለይ አብሯቸው ይሻገራል።

ሼህ ይመር አንድ ነገር ያጠብቃሉ። "ወሬ አባት አለው" ይላሉ፤ "ከማን እንደሰማህ የማታውቀውን አታውራ።" ራሳቸውም አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ከመምህራቸው፣ መምህራቸውም ከመምህሩ፣ እያሉ ሲቆጥሩ የካሴቱ ሩብ ያልቃል።

ባለፈው ሳምንት ጀላል ይህንኑ ታሪክ ለእማማ ቀመሪያ ሲያጫውታቸው ነበር። እማማ ቀመሪያ ኢስት ዮርክ ባለው ሕንፃ ከእሱ በላይ የሚኖሩ ጎረቤቱ ናቸው። የሱዳንን በረሃ በእግራቸው ያቋረጡ ሴት ናቸው፤ ስለዚያ መንገድ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ጀላል ስደተኞቹ ከመርከብ ሲወርዱ ባህሩ ዳር አንዲት ሴት ቆማ እንደጠበቀቻቸው፣ የማን ልጆች ናችሁ ሳትል በቅል ውሃ እንዳጠጣቻቸው ነገራቸው። የእማማ ዓይን እንባ አቀረረ።

"አየህ፣ የእኛ ሴት ናት! እሁድ ለመውሊዱ ይህን ነው የምትናገረው። ለሁሉም ኮል አደርጋለሁ።"

ያሉትን አደረጉ፤ ወሬው ከከተማው ማዶ ፓርክዴል ድረስ ደረሰ።

አርብ ዕለት ጀላል ሼሁ የሴትዮዋን ስም ጠርተው እንደሆነ ለማጣራት ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰ። መርከቦቹ መጡ፤ ባህሩ መጣ፤ ሴትዮዋ የለችም። ገልብጦ ሰማ። ሌሎቹንም ካሴቶች ሰማ። የለችም። ከውሃ ውስጥ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ትዝ አለው፤ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ሼሁ ዝም ሲሉ ዝናቡ ቀጠለ፣ እሱም ከዝናቡ ጋር ቀጠለ። ቅሉ የጠፍር ማንገቻ ነበረው። የቀሚሷ ጠርዝ ረጥቧል። ባህሩ ከኋላዋ እንደ ወተት ነጥቷል። እንዲህ አጥርቶ ያየውን ከማን ሰማሁ ሊል ነው?

ቅዳሜ የእማማን በር አንኳኳ።

"እማማ፣ ያቺ ሴት ካሴቱ ላይ የለችም። በህልሜ ነው ያየኋት። ሥራ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ።"

"ሺፍትህ ላይ ትተኛለህ? የሰው መኪና ይሰረቅ!"

"እማማ፣ የምሬን ነው።"

"እኔስ ቀለድኩ? ህልምስ ቢሆን የአላህ አይደል?"

"ህልሙ የእሱ ነው። ታሪክ ነው ብዬ ካወራሁት ግን ሰው ልጁን ያስተምርበታል፤ ልጁም ልጁን።"

"እና ማንም አልተቀበላቸውም ልትል ነው?"

"እሱን አልልም። አልሰማሁም ነው የምለው።"

እማማ የበሩን እጀታ ያዙ። "እኔ ይህን ስናፍቅ ስንት ዓመቴ! አንድ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ጠበቀ ሲባል ብሰማ... እንዳለች ተዋት፣ ጀላል። ማን ያውቅብሃል?" ብለው ዘጉበት።

እሁድ የሕንፃው ምድር ቤት አዳራሽ ሞላ። መንዙማው ሲያበቃ ጀላል ተነሳ። ከሼህ ይመር የሰማውን እንደሰማው ተናገረ፤ ሰዎቹን ከመካ አወጣ፣ አሳፈረ፣ አሻገረ። ዳር ሲደርሱ አዳራሹ ወደ ፊት ዘንበል አለ፤ ሁሉም ሴትዮዋን እየጠበቀ ነው። ለጀላልም ታየችው፤ ቅሉን ዘርግታለች። አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልጋት።

"ከዚህ ወዲያ ዳር ላይ ማን እንደተቀበላቸው አልሰማሁም" አለ። "እማማ ቀመሪያ የነገሯችሁን ሴት ያመጣኋት እኔ ነኝ። ተኝቼ ነው ያየኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሳቸው አይደለም።"

"ጀላል ተኝቶም ያስተምራል!" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ። ጀላል እማማን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም።

ሳቁ ሲበርድ ከሴቶቹ በኩል ድምፃቸው መጣ።

"ያየሁትን መናገር ይቻላል?"

"ይቻላል፣ እማማ።"

"ሱዳን ውስጥ፣ ከሰላ ከተማ ልንደርስ ሁለት ቀን ሲቀረን እግሬ ተልጦ ነበር" አሉ። "አንዲት የበጃ ሴት አገኘችኝ። ቋንቋዋን አላውቅ፣ ቋንቋዬን አታውቅ። ቁጭ አለችና ጫማዋን አወለቀች። እኔን አጫምታ በባዶ እግሯ ሄደች።"

ጀላል ግድግዳው ሥር ቦታ ሲለቁለት ተቀመጠ።

"ስሟን አልጠየቅኋትም" አሉ እማማ ወደ እሱ ዞረው። "ከቀመሪያ ሰማሁ፤ ስሟን ግን አልሰማሁም ብለህ ያዘው።"