የአባ ሽቦ ጆሮ

አባ ሽቦ ጆሯቸው እንደከዳቸው ያመኑት ልጃቸው አዲስ የሙዚቃ ማጫወቻ ባመጣላቸው ሰሞን ነው። ዕድሜ ልካቸውን ራዲዮ ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እንደ ድሮ ራዲዮ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ በገዛ እጃቸው ገጣጥመው ነበር። ድምፁ፣ ወይ ድምፅ! አሮጌው ማጫወቻ ተቃጥሎ በአዲሱ ሲተካ ግን ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያንሾካሹክ መሰለ። የማጉያውን ቁልፍ እስከ ጥግ ቢያዞሩት የጨመረው ሽሽ የሚለው ጫጫታ ብቻ ሆነ።

ባለቤታቸውን አስደመጡ፤ ግሩም ነው አሏቸው። ልጃቸው አዳመጠና አውራ ጣቱን አነሳ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወዘወዘ፤ አስመሳይ! እዚያ ቤት የአባ ሽቦን የእጅ ሥራ የሚነቅፍ ሰው አልተፈጠረም። በፍቅር ነው፣ ይሁን። ሽማግሌው ግን ሁሉም ከሰሙ የተበላሸሁት እኔ ነኝ ብለው ደመደሙ። ሆድ ይፍጀው አሉና ለማንም አልተነፈሱም። ሰው ቀስ ብሎ ባወራ ቁጥር ይኸው ባሰብኝ እያሉ፣ ጥግ ይዘው መቀመጥ አበዙ።

አንድ እሁድ ማጉያውን ለልብስ ሰፊው ሊሰጡ በካርቶን ሲያሽጉ ምራታቸው ደረሰች። ካገባች ገና ዓመት አልሞላትም፤ የቤቱን አመል አልለመደችም። ከመሄዱ በፊት አንዴ ላዳምጠው ብላ ለመነቻቸው። ሰካኩላት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ ቁልፉን አዞረች፤ ግንባሯን ቋጠረች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለእኔ ሽሽ ከማለት በቀር ምንም አይሰማኝም።»

ባለቤታቸው ከጓዳው በር ላይ ሆነው በዓይናቸው ገሠጿት። አባ ሽቦ ግን ድገሚው እስቲ አሏት። ደገመችው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው! ከመሰኪያው ነቅለው፣ እስኪቀዘቅዝ እንደምንም ታግሠው ክዳኑን ፈቱት። መግቢያው ላይ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር አገኙ። የአሮጌው ማጫወቻ ጉልበት በዝቶ ድምፁን ሲያሻክርባቸው፣ እንድትገታው ብለው ራሳቸው የበየዷት ናት። አዲሱ ማጫወቻ ከመነሻውም ደካማ ነው፤ እሷ ደግሞ አንቃ ይዛዋለች። አይ የኔ ነገር፣ ሠርቼ ረሳሁት ብለው ሳቁ። እሷን አውጥተው ሽቦውን ቀጥታ በየዱት። የማጫወቻውን ድምፅ ከፍ አድርገው የማጉያውን ቁልፍ ወደ ግማሽ መለሱት።

ዘፋኙ ከነትንፋሹ መጣ። የአባ ሽቦ ዓይን እንባ አቀረረ፤ አልደበቁትም። ማዳመጫውን አውልቀው ለባለቤታቸው አጠለቁላቸው። ሴትየዋ እንደ ልማዳቸው ግሩም ነው ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና፣ ምራታቸውን አይተው ተዉት።

«ይጮሃል» አሉ። «ቀንሰው።»

አባ ሽቦ እየሳቁ ቀነሱላቸው። ልብስ ሰፊውም እንዲያዳምጥ ተጠራ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን እውነቱን እንዲናገር ገና በሩ ላይ ተነገረው።