አይነካም

በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ እናት፣ የሟች ሚስት፣ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ እና ቀለም ቀቢው የሟች ታናሽ ወንድም። ታናሽየው አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ተንበርክኮ ማብሪያውን ለሰባተኛ ጊዜ ተጫነ። ማራገቢያው እንደ አስም በሽተኛ አንኮራፋ። ስክሪኑ ብልጭ አለና ጨለመ።

"አሁንስ?" አለች እናት።

"ትንሽ ቆዪ፣ እማዬ።"

ነገ ለቀስተኛው ይበተናል። እናት ግን ከዚያ በፊት አንድ ፎቶ ካላየሁ ብላለች። ልጇ ካሜራ ሲያይ ፊቱን የሚያኮሳትር ሰው ነበር። የሳቀባት አንዲት ፎቶ ብቻ አለች፤ እሷም እዚህ ውስጥ ናት።

"እሱ ራሱ ቢነሳ በሁለት ደቂቃ ያበራው ነበር" አለ ልብስ ሰፊው በሹክሹክታ።

"እሱ ከተነሳማ መጀመሪያ በመስኮት የምትወጣው አንተ ነህ" አለች የሟች ሚስት። ልትስቅ ሞከረች፤ አቅም አጣች።

ሰፈሩ ሟቹን «አይጣልም» ይለው ነበር። ሰው ሊጥለው ያወጣውን ኮምፒውተር መንገድ ላይ ይቀበልና «ይሄማ አይጣልም» እያለ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጭኖ ነፍስ ይዘራበታል። የራሱ ግን ከሁሉም አሮጌ ነበር። ስክሪኑን ለሚያበራው ግራፊክስ ካርድ አዲስ ድራይቨር፣ ማለትም ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም፣ የሚሠራለት የለም፤ አዲሱ ሲስተም ደግሞ የድሮውን ድራይቨር አይቀበልም። ስለዚህ በወፍራም እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጽፎ ጎኑ ላይ ለጥፎበታል፦ «ማሻሻያ አይጫንም። አይነካም።»

ታናሽየው ነካው። ከወር በፊት፣ ወንድሙ አልጋ ከያዘ በኋላ፣ አቧራውን ሲወለውል ወረቀቷ ተላቀቀች፤ ቦርሳው ውስጥ ከተታት። ስክሪኑ «ማሻሻያ አለ» ሲለው፣ የታመመ ወንድሜን ደስ ላሰኘው ብሎ «እሺ» የሚለውን ተጫነ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ጨለማ ሆነ። ደጋግሞ ሞከረ፤ ያው ነው።

"ማሽኔ እንዴት ነው?" አለው ወንድሙ፣ ከአልጋው ቀና ብሎ።

"ደህና ነው። ይሠራል።"

ወንድሙ ትክ ብሎ አየው። "ጎሽ" አለ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ስለ ማሽኑ አልጠየቀም። ታናሽየውን የከበደው ይኸው አለመጠየቁ ነበር።

"እማዬ" አለ አሁን፣ ወደ ኋላ ሳይዞር። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይሠራል ብዬ ዋሸሁት።"

ልብስ ሰፊው የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"የዋሸኸው እሱን ነው" አለች እናት በደከመ ድምፅ። "ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?"

የሟች ሚስት ተነስታ መኝታ ክፍል ገባች። አንድ ደብተር ይዛ ወጣች።

"ከትራሱ ስር ነበር። የመጨረሻው ገጽ አልገባኝም። አንተ አንብበው።"

የሟቹ የእጅ ጽሑፍ ነበር፦

«ትንሹ ወንድሜ ማሻሻያ ጭኖበታል። ማራገቢያው ሲነሳና ሲጠፋ ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ። ይሠራል ያለኝ አፍሮ ነው፤ እንዳትቆጡት። ሲያበራ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ይያዝ። የሲስተም ዝርዝር ይመጣለታል። አዲሱን ትቶ የድሮውን ይምረጥ። የድሮው እዚያው ነው፤ አልጣልኩትም።»

ታናሽየው ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አበራ፤ ሺፍትን ያዘ። ዝርዝሩ መጣ። ከሁለቱ የድሮውን መረጠ። ማራገቢያው አንኮራፋ፤ ስክሪኑ ብልጭ አለ፤ ጨለመ። ከዚያ በራ።

ፎቶውን ፈልጎ ከፈተ። ወንድሙ ከአናቱ እስከ ሸሚዙ ነጭ ቀለም ተደፍቶበት ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። ቀለሙን የደፋበትም፣ ፎቶውን ያነሳውም ታናሽየው ነበር።

"ይኸው ልጄ" አለች እናት።

ታናሽየው ወረቀቷን ከቦርሳው አወጣ። ማጣበቂያዋ ደርቋል። የሟች ሚስት ከመድኃኒቶቹ መካከል የተረፈ የቁስል ፕላስተር አቀበለችው። ወረቀቷን ቦታዋ ላይ አድርጎ አራቱንም ጫፍ አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ተጫነ።

በማግስቱ ለቀስተኛው ተበተነ፤ ለሐዘኑ የተከራዩት ወንበሮች ለባለቤታቸው ተመለሱ።