ስልሳ ስምንት ክንድ

«ከዶሮው ቤት እስከ ጎረቤታችሁ ግድግዳ ስንት ጫማ ይሆናል?»

ከከተማው አስተዳደር የመጣው ኢንስፔክተር እንዲህ ብሎ ሲጠይቃት ወርቅውሃ «አላውቅም» አለችው። እንግሊዝኛው ገብቷታል፤ በጎልማሶች ትምህርት ቤት ማንበብና መጻፍ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ያጣችው ቁጥሩን ነው። ሰውየው ጓሮው ውስጥ የሚንጎራደዱትን ሰባት አውራ ዶሮዎች አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ወረቀት ሰጣትና በትሕትና ተሰናብቷት ሄደ።

ሰባት የሆኑት በፋሲካ ምክንያት ነው። ከሚያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ሰፊ ጓሮ ያላቸው ቫን ናይስ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት አከራይዋ ጋሼ ክፍሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጾሙ ሊያልቅ ሲል፣ ዶሮ ሳይወደድ የገዛ ሁሉ አምጥቶ እሳቸው ጓሮ ያቆያል። እንዳይቀላቀሉ እግራቸው ላይ ክር ይታሰርላቸዋል። ቀዩ ክር ፌርፋክስ ሰፈር ባለው ምግብ ቤት ከወርቅውሃ ጋር የምትሠራው የአምሳለ ነው፤ አረንጓዴው የጋሼ ክፍሉ ወዳጅ የወንድይራድ፤ ሌሎቹም እንዲሁ። ክር የሌለው ገብስማው ብቻ ነው። እሱ ከአምስቱ ሴት ዶሮዎች ጋር የጋሼ ክፍሉ የራሳቸው ነው፤ ለመታረድ ሳይሆን ለመኖር የተገዛ።

ከአጥሩ ማዶ ያለችው ነርስ ማታ ማታ እየሠራች ቀን ትተኛለች። ገብስማውን ዓመት ሙሉ ችላው ነበር። ሰባት ሆነው በየተራ ሲጮኹባት ግን ለከተማው ደውላ ከሰሰች።

ወርቅውሃ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች አነበበችው። ጋሼ ክፍሉ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የቤቱን ደብዳቤ የምታነብላቸው እሷ ናት።

«በአንድ ግቢ አንድ አውራ ዶሮ ብቻ ነው የሚፈቀደው ይላል፣ ጋሼ። አንዱም ቢሆን ከሰው ቤት መቶ ጫማ መራቅ አለበት። ሴቶቹ ሠላሳ አምስት ጫማ ይበቃቸዋል። ርቀቱን ለክታችሁ በአሥር ቀን ውስጥ ላኩ ነው የሚለው።»

«ስድስቱን ባለቤቶቻቸው መጥተው ይውሰዱ። ለፋሲካ ስምንት ቀን ነው የቀረው። ገብስማው ግን አይነካም።»

«ከተነካስ?»

«ከተነካማ ቤቱን ሽጬ ላንካስተር የወንድሜ ልጅ ጋ እገባለሁ። እዚያ መሬቱም ሕጉም ሰፊ ነው። ጠዋት ዶሮ የማይጮህበት ግቢ ምኑ ግቢ ነው? ፓርኪንግ ነው እንጂ።»

ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፤ ከፓርኪንግ የባሰ ስድብ የላቸውም።

ወርቅውሃ ግን አልሳቀችም። ከልጇ ከኤልዳና ጋር የምትኖረው በዚሁ ቤት ሁለት ክፍል ተከራይታ ነው። ኪራዩ እንደ ዘመድ የተደረገላት ርካሽ ነው፤ የልጅቷ ትምህርት ቤት በእግር ይደረሳል። ቤቱ ከተሸጠ ወዴት እንደሚሄዱ አታውቅም። 

በማግስቱ ሁለት የልብስ ማስጫ ገመድ ቀጥላ የነርሷን በር አንኳኳች። ነርሷ ፀጉሯን በሻሽ እንዳሰረች፣ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ወርቅውሃ ይቅርታ ጠይቃ ጉዳዩን አስረዳቻት። ሴትዮዋ የገመዱን ጫፍ ተቀብላ፣ በሌሊት ልብሷ እንደቆመች ከመኝታ ቤቷ ግድግዳ ጋር ያዘችላት።

«ስድስቱ ይሄዳሉ፤» አለቻት ወርቅውሃ።

«ሰባተኛውስ?»

«ለእሱ ነው የምንለካው።»

ነርሷ እያዛጋች «ኦኬ» አለች።

ወርቅውሃ ገመዱን በአጥሩ ላይ እስከ ዶሮው ቤት ወጥራ የደረሰበትን ቋጠረች፤ ከዚያ ሰብስባ ገባችና እናቷ ኩታ ስትለካ እንደምታደርገው፣ ከክርኗ እስከ መሐል ጣቷ ጫፍ እያደረገች ለካችው። ስልሳ ስምንት ክንድ። መምህሯን አንድ ክንድ ስንት ጫማ እንደሆነ ብትጠይቃት፣ መጽሐፍ ገልጣ «አንድ ተኩል» አለቻት። አባዛችው፤ መቶ ሁለት መጣ። ደግማ አባዛችው፤ ያው መቶ ሁለት።

ጋሼ ክፍሉ ግንባሯን ሳሟት። «ተማሪዋ! እኔ እኮ ይቺ ልጅ የትም ትደርሳለች ብያለሁ።»

ፎርሙ ላይ 102 ብላ በቀስታ ጻፈች። ከስሩም የለካው ሰው ስም በሚለው ቦታ የራሷን ስም ጻፈችና እስክትልከው ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኤልዳና የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። የቤተሰቧን እጅና እግር በማስመሪያ ለክታ እንድታመጣ ታዛለች።

«ማሚ፣ ክንድሽን አምጪ። ከክርንሽ እስከ ጣትሽ አስራ ስድስት ኢንች።»

«አንድ ተኩል ጫማ ስንት ኢንች ነው?»

«አስራ ስምንት። አንቺ እኮ አጭር ነሽ።»

ወርቅውሃ ቀና አለች። የመጽሐፉ ክንድ የእሷ ክንድ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት። ስልሳ ስምንቱን በአስራ ስድስት አባዝታ ለአስራ ሁለት አካፈለች። ዘጠና ጫማ ከምናምን ሆነ። ልጅቷም ሠራችው፤ ለውጥ የለውም።

«ሶ ዋት? ተይው፤» አለች ኤልዳና። «ማን ሊለካው ይመጣል?»

እውነቷን ነው፤ ላይመጡ ይችላሉ። ወርቅውሃ በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም ማለት አይደለም፤ ለአሠሪም ለዘመድም የዋሸችበት ቀን አለ። በጽሑፍ ግን ዋሽታ አታውቅም፤ መጻፍ አትችልም ነበራ። ወረቀት ሲመጣ ሌላ ሰው ይጽፍ፣ እሷ ትፈርም ነበር። ይህ በገዛ እጇ የሞላችው የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ያቺ ሴትዮ ደግሞ እንቅልፏን ትታ ገመድ ይዛላታለች። በሌላ በኩል ልጇ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ማስመሪያዋን ታሽከረክራለች፤ ግድግዳው ላይ ቁመቷን በየዓመቱ ያሰመሩበት የእርሳስ ምልክት አለ። ወርቅውሃ እራት ለልጇ አቅርባ ፎርሙን ከጠረጴዛው አነሣችው።

ጠዋት ለጋሼ ክፍሉ ነገረቻቸው። 

«ለዘጠኝ ጫማ?» አሉ። «ሰውየው ሜትር ይዞ ይመጣል ብለሽ ነው?»

«ላይመጣ ይችላል።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? ቤቱ ቢሸጥ የምትወጪው አንቺ ነሽ እኮ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ግን የተጻፈው የእኔ ስም ነው። እርስዎ ከፈለጉ ያልተሞላ ትርፍ ፎርም አለ፤ በእጅዎ ይጻፉት።»

እስክሪብቶውን ተቀበሏት። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ጻፊው፤» አሉና ወደ ጓሮ ወጡ።

በትርፉ ፎርም ላይ 90 ብላ ከስሟ ጋር ጻፈችና በምሳ እረፍቷ ፖስታ ቤት ሄዳ ላከችው።

ባለክሮቹ እስከ ቅዳሜ ተወሰዱ። ፋሲካን አብረው ፈሰኩ፤ ጋሼ ክፍሉ ግን እንኳን አደረሰሽ ከማለት ሌላ አላነጋገሯትም። በንዴት ገብስማውን ያርዱታል ብላ ፈርታ ነበር፤ አላረዱትም። በሚቀጥለው ሳምንት የከተማው መልስ ደረሰና አነበበችላቸው፤ አውራ ዶሮው በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲወጣ ይላል። ራሳቸውን ነቅንቀው ላንካስተር ደወሉ።

እንግዳ የሚባለው የወንድማቸው ልጅ በፒክአፕ መኪናው መጣ። አልጋቸውን፣ ሁለት ሻንጣቸውንና ካርቶን ውስጥ ያለውን ገብስማ ጫነ። ወርቅውሃ በሩ ላይ ቆማ ስለ ቤቱ እስኪነግሯት ጠበቀች። ጋሼ ክፍሉ መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«የውሃውን ሂሳብና የከተማውን ደብዳቤ እያነበብሽ በስልክ ንገሪኝ። እንደተጻፈው ነው የምታነቢልኝ።»

«ቤቱስ ጋሼ?»

«ቤቱ ምን ሆነ?» አሉና መስኮቱን ዘጉት።

አልሸጡትም። ለምን እንዳልሸጡት አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀችም። ጋሼ ክፍሉና ገብስማው ሄዱ። ወርቅውሃ፣ ኤልዳናና አምስቱ ሴት ዶሮዎች ቀሩ።