ሃያ አምስት ሰከንድ ጭላሎ ላይ

ንዴተኛ ነኝ፤ አሰላ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሙሽሮች ፎቶ ላይ ዓይናቸውን ከጨፈኑብኝ ደሜ ይፈላል። ሚስቴ ሙቢና ባትኖር ፎቶ ቤታችን ዱሮ ተዘግቶ ነበር፤ እኔ ያስኮረፍኩትን ደንበኛ የምትመልሰው እሷ ናት።

በሚያዝያ ፍኖተ ሐሊብን፣ ያን የከዋክብት መንገድ፣ ከጭላሎ ተራራ ጋር አንድ ላይ ካላነሳሁ ብዬ እልህ ያዘኝ። ሁለት ሌሊት ወጥቼ ደመና መለሰኝ። በሦስተኛው ሙቢና «ብቻህንማ አትሄዳትም!» ብላ ጃኬቷን ደርባ ሞተሬ ላይ ወጣች።

ከተራራው ሥር የሚኖሩት ኦቦ ሁሴኖ ሞተሯን ግቢያቸው አስገቡልንና አስጠነቀቁን።

«ሰሞኑን ፈረስ እየተሰረቀ ሰፈሩ ሌሊት ለጥበቃ ሮንድ ይወጣል። ሲጣሩ ወዲያው ስማችሁን ከነአባታችሁ ተናገሩ። ሦስቴ ተጠርቶ ዝም ያለ ሌባ ነው።»

«አይስጉ ኦቦ፣ እኔ እመልሳለሁ» አልኳቸው። ለሙቢናም ደገምኩላት፦ «እኔ እመልሳለሁ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ቁሚ።»

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አስታ ቁጥቋጦው መሃል የካሜራዬን መቆሚያ ትሪፖድ ተከልኩ። ሙቢና መቶ እርምጃ ያህል ርቃ ቋጥኝ ላይ ወጣች፤ ከከዋክብቱ ሥር ጥቁር ሆና እንድትታይ ነበር የፈለግኩት። እውነቴን ነው፣ ሰማዩን ሳይ ደስ አላለኝም፤ ፈራሁ። ያን ሁሉ ኮከብ፣ ያን ሁሉ ጨለማ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የእኔ ሚስት። ደመናው እንደገና እየመጣ ነበር።

«እንዳትነቃነቂ!» ብዬ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ። ካሜራው ለሃያ አምስት ሰከንድ ዓይኑን ከፍቶ ይቆያል፤ በዚያ መሃል ባትሪ ከበራበት ፎቶው አበቃለት።

አምስት ስቆጥር ከኋላዬ፣ ከታች፣ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«ኤኙ? ማነው?»

ብመልስ ባትሪያቸውን ሁሉ ወደ እኔ ሊያዞሩ ነው። ደመናው ደግሞ የተራራውን ጫፍ ነክቷል። ገና ሁለት ጥሪ ይቀራል አልኩ። አፈር ልብላ፣ እንዲህ ነው ያልኩት።

አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። አስታው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ቀርበዋል። ሙቢና ንቅንቅ አላለችም።

«ማነው እዚያ!»

አሥራ ስምንት። ሰባት ሰከንድ ብቻ፣ ያ ረቢ፣ ሰባት ብቻ!

ሦስተኛው ጥሪ መጣ። አሁን አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። የወንጭፍ ድንጋይ በጆሮዬ አጠገብ እያፏጨ አለፈና ከቋጥኙ ላይ «ወይኔ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ።

ከዚያ በኋላማ ድምፄ መጣ፤ ምን ያደርጋል። «ነስረዲን ነኝ! ተዉ! ሚስቴ ናት!» እያልኩ ሮጥኩ፣ ወደቅኩ፣ ተነሥቼ ሮጥኩ። ሙቢና ቋጥኙ ሥር ተቀምጣ ትከሻዋን ይዛለች። በሕይወት አለች። አልሐምዱሊላህ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሦስት ሰዎች ባትሪ ይዘው ደረሱ። ወንጭፉን የያዙት ሽማግሌ፣ ከዲሮ ይባላሉ፣ ሲያዩዋት ወንጭፉን መሬት ጣሉት።

«ሴት ናት! ያ አላህ፣ ሴት ልጅ ልገድል ነበር! ሦስት ጊዜ ጠራን እኮ ልጆቼ፣ ምነው ዝም አላችሁ?»

«አልሰማንም አባባ» አልኩ። «ነፋሱ ነው...»

ሙቢና ቀና ብላ አየችኝ።

«ሦስቱንም ሰምቻለሁ» አለቻቸው። «እሱ ይመልሳል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ላነሳት እጄን ዘረጋሁ። አልያዘችውም። የአባባ ከዲሮን ዱላ ተደግፋ ተነሣችና ከእነሱ ጋር ቁልቁል ወረደች።