ሁለት ኳስ ጎን ለጎን

ጠበብ ይበል ወይስ ሰፋ፣ ይሄው ነው እኮ ጥያቄው፣ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም፣ አናጺው መጋዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ያየኛል፣ እህት ዓለም ወስኚ እንጂ ሙጫው እየደረቀብኝ ነው ይላል፣ የእሱ ሙጫ ይደርቃል የእኔ ምላስ ደርቋል፣ ሳሎኑ ሰጋቱራ ለብሷል፣ ሶፋው የውጭውን በር ግማሹን ዘግቶ ተገትሯል፣ መሀል ላይ ይሄ ግዙፍ የፑል ጠረጴዛ፣ አንዱ ጥግ ብቻ ለናሙና ተቆርጦ አፉን ከፍቷል፣ ሌሎቹ ቀዳዳዎች ገና በእርሳስ የተሰመሩ ናቸው። ጎረቤቴ ጠዋት አንገቷን አስግጋ፣ ውይ፣ ልጅ በሌለበት ቤት መጫወቻ አለች። ሳቅኩላት። እኔ አልወለድኩ፣ ወንድሜ አላገባ፣ ለማን ነው ብላ ብትጠይቅ አይፈረድባትም።

ለአባዬ ነው።

እዚያ ግድግዳ ማዶ ተኝቷል፣ ይሄን ሁሉ መዶሻና መጋዝ እየሰማ አንድ ቃል አይተነፍስም፣ ስትሮኩ ቀኝ ጎኑን ከጣለው ወዲህ የሚያወራው ከግድግዳው ጋር ነው፣ እጅ እግሩን የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ልጅ ስትመጣ ፊቱን ያዞርባታል፣ እግርዎን ላንሳው አባባ፣ ዝም፣ ጣትዎን ጨብጠው ይልቀቁ፣ ዝም፣ እሷም አዝና ትሄዳለች። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ወሰድ አድርጎኝ፣ በእኔ መድኃኒት አይነሳም፣ የሚወደውን ነገር ፈልጉለት፣ አለበለዚያ አልጋው ይጨርሰዋል አለኝ። አልጋው ይጨርሰዋል። እንዲህ ነው ያለኝ፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ እየከተተ። የሚወደውን። አባዬ በሕይወቱ የወደደው አንድ ነገር ነው፣ እናቴም ይሄን እያወቀች ነው የሞተችው፣ ነፍሷን ይማርና።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ እኔም ሳሎኔን ፑል ቤት አደረግኩት።

አሁን የቀዳዳው አፍ ጠበብ ካለ፣ በግራ እጁ፣ በዚያ ስቲክ ባልለመደ ግራ እጁ ይመታል፣ ኳሷ ጠርዙን ነክታ ትመለሳለች፣ ደግሞ ይመታል፣ ትመለሳለች፣ ስቲኩን ያስቀምጣል፣ ወደ ግድግዳው ይመለሳል፣ በቃ፣ ሁለተኛ አይወጣም። ሰፋ ካለስ፣ ሰፋ ካለ ያውቃል። ወንድሜ ስልክ ላይ ይስቃል፣ ባክሽ አስፊው፣ ባልዲ አድርጊው፣ ይግባለት ሰውዬው፣ ይለካዋል እኮ እለዋለሁ፣ በምን፣ በሁለት ኳስ ነዋ፣ ኧረ እሱን ከረሳው ቆየ ይላል። ከሩቅ ሆኖ ማስፋት ቀላል ነው። የእኔን ስም ሊረሳ ይችላል፣ ሁለቱን ኳስ አይረሳም።

የፑል ቤታችን ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል፣ አባዬ አዲስ ጠረጴዛ ሲያይ ስቲክ አይነካም፣ መጀመሪያ ሁለት ኳስ ያነሳል፣ ጎን ለጎን ቀዳዳው አፍ ላይ ይሰካቸዋል፣ ጥብቅ ብለው ከቆሙ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄ ጠረጴዛ ነው ይላል፣ በመሀላቸው ጣት ካለፈ ግን ጨርቁን ሳያይ፣ እግሩን ሳያይ ፊቱን ያዞራል፣ ይሄ ለልጆች ነው። ለልጆች ነው፣ ጠረጴዛ ሊሸጥልን መጥቶ እንዲህ ተብሎ የወጣ ሰው ተመልሶ እኛ ጋ አይመጣም፣ ቤቱ በሳቅ ይከተለዋል። እኔንም ቢሆን አይምረኝም ነበር፣ ስቲኩ በቁመት ይበልጠኝ በነበረበት ጊዜ እንኳ አንድ ኳስ አልለቀቀልኝም፣ አሸንፎኝ ሳለቅስ፣ አልቅሺ፣ ስትጨርሺ ኳሶቹን ደርድሪ ይለኛል። እናቴ ትቆጣ ነበር፣ አንተ ሰውዬ ልጅ እኮ ናት፣ እሱ ስቲኩን ጠመኔ ይቀባል። ጠላሁት፣ ፑልንም ጠላሁ፣ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።

እኔ ግን ስንቱን ዋሸሁት፣ ፊትህ ወዝ አግኝቷል፣ ደህና ሆነሃል፣ ሐኪሙ ደስ ብሎታል። ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ።

አናጺው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ዓይኑን ከእንጨቱ ሳያነሳ፣ አንድ ዘዴ አለ ይላል፣ አፉን እንዳለ እንተወው፣ ሁለት ኳስ ልክ፣ ውስጡን ግን ገደል ገደል አድርጌ ልቁረጠው፣ ጠርዙን የነካች ኳስ መመለሷን ትታ ትንሸራተታለች፣ ከላይ ጠባብ ከውስጥ ሰፊ፣ ጋሼ ቢለኩትም አያውቁም። ጆሮው ቀልቷል፣ ይሄም ሰው በወጣትነቱ በአባዬ ጠረጴዛ ላይ ስንቴ ተሸንፎ ወጥቷል፣ ዛሬ ሊያታልለው ፍርሃት ይዞታል። ሁለታችንም የሌባ ፊት ነው ያለን። ይንሸራተቱለት፣ ምን አለበት፣ አንድ ኳስ ትግባለት፣ ሁለት ትግባለት፣ ነገ ከአልጋው የሚነሳበት ሰበብ ያግኝ፣ የቀረው እኔ ሆድ ውስጥ ይቅበር፣ እሺ እላለሁ፣ ውስጡን አስፋው፣ አፉን ግን እንዳትነካብኝ።

በሩ።

የማን በር፣ የእሱ በር ነው፣ ማንም አልከፈተለትም፣ ግራ እጁ ግድግዳውን ይዟል፣ ቀኙ ከትከሻው ተንጠልጥሎ ይከተለዋል፣ ካልሲው አንዱ ወልቋል፣ ልሮጥ፣ አትሩጪ፣ ብትይዢው ይቆጣል፣ ቁሚ። አናጺው ብድግ ብሎ ጋሼ ይላል። አባዬ አያየንም፣ ጠረጴዛውን ነው የሚያየው፣ መጣ፣ በራሱ እግር መጣልኝ፣ ሐኪሙ የት ሄዶ ነው ይሄን የማያየው፣ ጠርዙን በመዳፉ ይዳብሳል፣ እንጨቱን ያሸታል፣ ወደ ተቆረጠው ጥግ ይሄዳል፣ አልረሳም ብዬ የለ፣ ከኳሶቹ ሳጥን አንድ ኳስ ያነሳል፣ የቀዳዳው አፍ ላይ ያደርጋታል፣ በጣቱ ደግፎ ይይዛታል።

ከዚያ ይቆማል።

ምን ይጠብቃል። ሁለተኛዋን አንሳ እንጂ አባዬ፣ ልክ ነው፣ አፉን አልነካንም፣ አንሳና ሰካት። አያነሳም። ወደ ሳጥኑ ያያል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እጁ፣ አንድን ሰው ጠርተውት ሲቀር እንደሚታየው አድርጎ ያየዋል፣ ያኔ ገባኝ፣ እንዴት አላሰብኩም፣ ስንቱን አስቤ፣ አፉን አስቤ ውስጡን አስቤ፣ አንዷ ብቻዋን አፉ ላይ አትቆምም፣ ከለቀቃት ትወድቃለች፣ አንዱ እጅ ይይዛል ሌላው ይሰካል፣ ሁለት ኳስ ሁለት እጅ ነው የሚፈልገው። ሁልጊዜም ሁለት እጅ ነበር፣ እጁን ማን አየ፣ ሁላችንም ኳሶቹን ነበር የምናየው።

ሁለተኛዋን ኳስ አነሳለሁ፣ አጠገቡ እቆማለሁ፣ ያዢልኝ በለኝ፣ በለኝ በእናትህ፣ አንዲት ቃል ናት። አይለኝም። ኳሷ እጄ ውስጥ እየሞቀች ነው። ጣቱን ያነሳል፣ የእሱ ኳስ ወደ መረቡ ትወድቃለች፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ለአናጺው በዚያ በተኮላተፈ አፉ፣ ቃል በቃል እየታገለ ይናገራል፣ ሰፋ አድርገው ልጄ። ጋሼ፣ ይላል አናጺው፣ ልክ እኮ ነው፣ እርስዎ እንደሚወዱት። ሰፋ አድርገው፣ ይላል አባዬ፣ ለልጆች ነው አይደል።

አናጺው ወደ እኔ ይዞራል። በዚህ ቤት ልጅ የለም፣ እሱም ያውቃል፣ አባዬም ያውቃል።

አዎ አባዬ እላለሁ፣ ለልጆች ነው።

ራሱን ይነቀንቃል፣ ግድግዳውን ይይዛል፣ በመጣበት መንገድ ይመለሳል፣ ልደግፈው እጄን ብዘረጋ በክርኑ ይገፋኛል፣ በሩ ይዘጋል። አናጺው እርሳሱን አንስቶ አዲስ መስመር ያሰምራል፣ ከድሮው ወጣ አድርጎ፣ መጋዙ ይጀምራል፣ እኔ ሳጥኑን እገለብጣለሁ፣ አልቅሺ፣ ስትጨርሺ ደርድሪ የሚለኝ ሰው የለም፣ ለቅሶዬን ሳልጨርስ እደረድራለሁ።