ወደ ላይ የሄደው ጥርስ

የልጄን ልጅ ቺዙሩን ጥርስ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት ለአንዲት ለተቦረቦረች መንጋጋ ጥርስ ነበር። የራጅ ማሽኑ ጭንቅላቷን ዞሮ ፎቶ አነሳ። ዶክተር ኩዋባራ ፎቶውን ወደ እኔ አዞረ።

«እማማ ቶሚዬ፣ የላይኛዋ ክራንቻ ተገልብጣ ወደ ዓይኗ እየወጣች ነው። በዙሪያዋም ጥቁር ጥላ አለ።»

«የምን ጥላ?»

«ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊሆን ይችላል። በስንት ዓመት አንዴ የሚያጋጥም የአጥንት እብጠትም ሊሆን ይችላል። ወጥቶ ሳይመረመር አልናገርም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

በአገራችን ልማድ የታች ጥርስ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ፣ የላይ ጥርስ ደግሞ ወለል ስር ይጣላል፤ አዲሱ ወደዚያው እንዲያድግ። ይህን ሕፃንም ያውቃል። ግን እኛ አራተኛ ፎቅ ነን፤ ከወለላችን ስር ያለው የወይዘሮ ኔዙ ኮርኒስ ነው። ስለዚህ ቺዙሩ በስድስት ዓመቷ የመጀመሪያዋ የላይ ጥርሷ ሲወልቅ፣ ማን ያያል ብዬ የብስክሌት ማቆሚያው ጣሪያ ላይ ወረወርኩት። ክራንቻዋም ሰምታ ወደ ላይ ሄደች።

ዶክተሩ ይህን ሰምቶ መነጽሩን አወለቀ። «ይሄንስ አልተማርነውም» አለ።

«አያቴ» አለች ቺዙሩ፣ «ሌላም የወረወርሽው ካለ አሁኑኑ ተናገሪ።»

ትልቁ ሆስፒታል ጥርሱንም እብጠቱንም አወጣላት። ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጠንካራ ነገር አልቀምስም ብዬ ተስዬ በቶፉ፣ በለስላሳው የአኩሪ አተር አይብ ብቻ ኖርኩ። እሷ ፊቴ ተቀምጣ የሩዝ ብስኩት ታደቃለች።

«ብርቅ እብጠት ነው፤ ግን ጨዋ ነው» አለ ዶክተሩ። «ከወጣ አይመለስም። ለቀዳዳዋ ባትመጡ ግን ማን ያየው ነበር?»

እዚያው አለቀስኩ። ከዚያ ጥርሱን በብልቃጥ ይዘን ምድር ቤት የሚኖሩትን የጋሽ ኡሱይን በር አንኳኳን።

«ጋሽ ኡሱይ፣ ወለልዎን ለአንድ ጥርስ ይፍቀዱልን።»

«የላይ ነው የታች?»

«የላይ። ግን ተገልብጦ የበቀለ።»

ብልቃጡን ገልብጠው አዩት። «ታዲያ ይሄ የጣሪያ ነው የወለል?»

«አያቴ፣ በዚህ ቦታ እኮ ከእንግዲህ የሚበቅል የለም» አለች ቺዙሩ።

«ዝም በይ። ጥርሱን ቅር እንዳይለው ነው።»

ጋሽ ኡሱይ ከበረንዳቸው ስር ከተቱልን። ቀና ሲሉ አገጫቸውን ዳበሱ።

«ሦስት ጥርስ ብቻ ለቀረውም ሰው ፎቶ ያነሳሉ?»

«የሚያዩት አጥንቱን ነው» አልኩ፣ እንደ ሐኪም።

ሐሙስ ለሦስታችንም ቀጠሮ ይዣለሁ።